ሰይቸንቶዋና ፉርጎው

ጎን ለጎን ቆመዋል፣ ከዶራ ወንዝ ማዶ፣ ከጋራዡ ጓዳ፤
አንዷ እንደ እጅ ቦርሳ፣ አንዱ እንደ ቤት ግድግዳ።
እሷን ሃያ አምስት ዓመት ነድቻታለሁ፤
እሱ ገና ዕዳ።

አጎቴ ጋራዥ ውስጥ፣ ቄራ፣ ልጅ እያለሁ
ፍሪሲዮን፣ ካንዴላ፣ ማርሚታ፣ ስፖኪዮ
አማርኛ ናቸው ብዬ ተምሬያለሁ።
ቶሪኖ ስመጣ ቃላቱ ቀድመውኝ
መንገድ ዳር ተቀምጠው
የሰፈሬን ወሬ በራሳቸው አፍ ሲያወሩ አገኘሁ።

ፒያኖ ቃኚ ነኝ።
ነበርኩ ማለት ይሻላል፤ ወደዚያ እመጣለሁ።

ቃኚ ሰው ምን ጓዝ አለው?
አንድ የቆዳ ሻንጣ፣ አንድ መፍቻ፣ የጎማ ሽብልቅ፣
መቃኛ ሹካዬ ደግሞ
በሲጋራ መተርኰሻዋ ውስጥ ኮረኮንች በመጣ ቁጥር የምትንጫረር።
ሰይቸንቶዋ ይህን ሁሉ ይዛ ለእኔም ቦታ ታተርፋለች፤
እርግጥ ጉልበቴ ከመሪው ጋር ይጣላል፣
ሁለተኛ ማርሽ ተለምና ነው የምትገባ፣
የቀኙ መስኮት አንዴ ከወረደ አይወጣም፤
ብርዱ በግማሽ ጎኔ ይከርማል።
ግን በሁለት የቆሻሻ ገንዳ መካከል ትቆማለች፣
ገንዳዎቹ ሳይነቁ።

ሲኞራ ቴርሲላ፣ አራተኛ ፎቅ፣
ደወሉን ሳልነካ በር ትከፍትልኛለች።
«ማርሚታህን ሰማሁት» ትላለች፤
«ሩብ ድምፅ ወርዷል፣ መጀመሪያ እሱን ቃኘው» ትለኛለች።
አልዋሸችም። ሞተሩ ቆሞ ሲያጉረመርም
ከገበታው ጫፍ ካለው ወፍራም ላ
ጥቂት ዝቅ ይላል።

ፉርጎውን ልማው? አልችልም።
ወንበሩ እንደ ዳኛ ከፍ ያደርገኛል፤
ወደ ኋላ ስሄድ ይጮኻል፣ ያያል፣ እግሬን ያሞቃል፤
በአዝራር የሚወርድ መድረክ አለው፣
አራት ፒያኖ ከነቁመታቸው ይውጣል፣
አያገሳም።

አሁን የሚደውሉት ልጆቹ ናቸውና።
«ቤቱ ሊሸጥ ነው፤ ለማንሳት ስንት ታስከፍላለህ?»
ለመቃኘት አይሉም። ለማንሳት።
እናቶቻቸው በከፈሉኝ ዋጋ ሦስት እጥፍ
ከሚርቻ ጋር ደረጃ እንወርዳለን፤
እኔ ከላይ፣ እሱ ከታች፣
በሮማንያ ቋንቋ ስለ እግር ጣቶቹ እየተሳለ።
ትንሿ መኪና ቤት ለቤት ዞራ የዘራችውን
ትልቁ በጅምላ አጨደው፤
እኔ የሁለቱም ሾፌር ነኝ፣ ማንን ልክሰስ።

ኅዳር ላይ የቴርሲላ ወንድም ልጅ ደወለ።
ዋጋ አልጠራሁም። ሄድን።
ክዳኑ ላይ መነጽሯ ታጥፎ ተቀምጧል፣
ፔዳሉ ዛሬም እንደተረገጠ ተጣብቆ ቀርቷል፤
ስንቴ «ልጠግነው» ብላት
«ተወው፣ ከእኔ ጋር ያርጅ» ያለችው።
ቅዳሜ ማታ ነበር፤ መጣያው ተዘግቷል።
ፉርጎው ከነሸክሙ ከጋራዡ አደረ።

እሑድ ጠዋት ሰይቸንቶዋን ላስነሳ ብል
ባትሪዋ ሞቷል።
(ከሰኞ እስከ ዓርብ ጭሷን ከተማው ከልክሏል፤
በሳምንት አንዴ ነው የምትተነፍሰው።)
ፉርጎውን አፍንጫ ለአፍንጫ አስጠጋሁት፤
ቀይ ገመድ፣ ጥቁር ገመድ፣
ትልቁ ለትንሿ ደም ሰጣት።
ሳለች። ደግማ ሳለች። ያዘች፤
ያው ላ፣ ያው ሩብ ድምፅ ዝቅ ያለው።
ገመዱን ነቅዬ ፉርጎውን ሳጠፋው
ከሆዱ ውስጥ አንድ ነገር መለሰላት።

ሚርቻ ሲጋራውን ከአፉ አወጣ፤
«ውስጥ ሰው አለ?»
የለም፤ ፔዳሉ ነው፣ ክሮቹን ፈቷቸዋል።
ሦስት ዓመት ሳይቃኝ ከርሞ
ፒያኖውም ወርዶ ወርዶ
እሷ ካለችበት ደርሷል።
የሚያውቁት ማርሚታ ደጅ ሲቆም ሰምተው
ደወል ሳይደወል
በር እየከፈቱ ነው።

ነዳጇ ሊያልቅ ነው፤ ቀዩ መብራት በርቷል።
አላጠፋኋትም።