ሦስት ለባዶ

ከፔዳ በር ማዶ፣ ከኮፒ ቤቴ ደጅ፣
ሰሌዳ አለችኝ ጥቁር፣ የዘጠኝ ዓመት ወዳጅ።
ግንቦት ሲጋመስ፣ የግቢዎች ዋንጫ ሲቃረብ፣
በጠመኔ እጽፋለሁ፣ ማን እንደሚጠግብ፣
ማን እንደሚራብ።

ዘጠኝ ዓመት ጻፍኩኝ፤ ዘጠኝ ዓመት ሳትኩኝ፤
ሊስቅ እንጂ ሊያምነኝ የመጣ ሰው አጣሁኝ።
«ጋሽ ምናሉ ያለውን ገልብጠህ አንብበው»
ይላል ተማሪ ሁሉ፤ ስሜም የቆመው በዚህ ነው።
ባለባጃጁ ስሜነህ፣ ብር ማስያዝ ሲያምረው፣
እኔ ይሸነፋል ያልኩትን ነው እሱ የሚመርጠው።
አልቀየምም። ሰው በስህተቱም ይወደዳል።

ቅዳሜ ማለዳ እንግዲህ፣ ጤዛው ሳይረግፍ ገና፣
ተቀመጥኩ ከሰሌዳዬ ፊት፣ ጠመኔዬን ሳልኩና።
ፖሊ ከፔዳ፦ ፖሊዎች ሐሙስ ተፈትነው፣
ሌሊቱን ከቀመር ጋር ሲታገሉ አድረው፣
እግራቸው ዝሏል፤ ከዓይናቸው እንቅልፍ አልወጣም።
ደግሞም ነፋሱ አለ፤ ጣና ከሰዓት ዝም አይልም፤
ዘጠኝ ሰዓት ሲል ይነሣል፣ ከሐይቁ ወደ ሜዳ፣
ከዕረፍት በኋላ የሚያተርፍበት ፔዳ።
ሁለት ለአንድ፣ ፔዳ።

ዘንዘልማ ከሐኪሞች፦
እዚህ ላይ ጠመኔዬ ለሁለት ተሰበረ፤
የዘንዘልማው በረኛ የእህቴ ልጅ ነበረ።
መላሽ ይባላል፤ የውዴ፣ ሽምብጥ ዓሣ የምትሸጠው፤
ሕያው አምባዛ እንኳ ከእጁ ሾልኮ የማያመልጠው።
ግን ቀኝ ጉልበቱ... ባለፈው ሲያነክስ አይቻለሁ፤
«ደህና ነኝ» ይላል እንጂ፣ ደረጃ ላይ ግድግዳ ሲደገፍ አውቃለሁ።
የሐኪሞቹ አጥቂ ደግሞ፣ አመታቱ ሌላ ነው፣
መሬት ለመሬት፣ ወደ ቀኝ፣ ቋሚውን አስታክኮ ነው።
ምን ልጻፍ?
«ግምት ዘመድ የለውም» ብዬ ራሴን ገሠጽኩት፤
ከነምክንያቱ፣ ከነጉልበቱ፣ ሦስት ለባዶ ጻፍኩት።

አራት ሰዓት ላይ መጣ፣ ጓንቱን በብብቱ ይዞ።
አነበበው፤ ቆመ ጥቂት፣ እንደ ውሃ ወፍ ፈዝዞ።
አልተቆጣም። «ስክሪብቶ ስንት ነው፣ አጎቴ?» አለኝ፤
ሰማያዊ አንድ መረጠ፤ ሒሳቡን ቆጥሮ ከፈለኝ።
ከፈለኝ! ከእኔ ሱቅ ከፍሎ የማያውቀው ልጅ።

ስሜነህ ሳቀ፤ «ምን አስጨነቀህ፣ ከጻፍክበት አበቃ!
ዘንዘልማ አለፈ ማለት ነው፤ ብሬም ከኪሴ ነቃ።»
እውነት ለመናገር እኔም፣ ተደብቄ ከራሴ፣
ስህተቴን ተማምኜ ነበር፤ እሱ ነበር ዋሴ።

ቅዳሜ ፖሊ አራት አገባ። ስሜነህ ከበረ።
ደስ አለኝ፤ ስህተቴ ይሠራል፣ ያው እንደ ነበረ።
እሑድ ግን፣
አንዱ በጉልበቱ በኩል። ሁለተኛው በዚያው።
ሦስተኛው፣ ሰማንያ ስምንት ሲሞላ፣ ያው፣ በዚያው፣
መሬት ለመሬት፣ ወደ ቀኝ፣ ልክ እንደ ጻፍኩት ነበር።
ያነበበው ይሆን አጥቂው? ቅዳሜ ጠዋት ከሱቄ በር
ነጭ ጋዋን የለበሰ ጎረምሳ ቆሞ ነበር፤
ፊቱን አላየሁም።

ማታ ሰው ሞላ ደጄን፤ «ነቢዩ!» ብለው አቀፉኝ፤
«የፍጻሜውን ውጤት አሁኑኑ ጻፍ» ብለው ያዙኝ።
ሰሌዳዋን አዞርኳት፣ ፊቷን ወደ ግድግዳ፤
ሱቄንም ዘጋሁ።

ሰኞ ሽምብጥ ወረድኩ። እምቦጭ ዳርቻውን ሸፍኖታል፤
መላሽ ቆሮሶ ይበልታል፣ ቀኝ እግሩን ዘርግቶታል፤
በዚያች ሰማያዊ ስክሪብቶ ካርቶን ላይ ዋጋ ጽፏል፤
ቅርፊት ተጣብቆባታል።
«ለፍጻሜው ማን ይመስልሃል?» አለኝ፣ ቀና ሳይል።
ነፋሱ ገና አልተነሣም። ውሃው እንደ ተኛ ነው።
«ፖሊ» አልኩት።
ቢላዋውን በጨርቅ ጠረገ፤ ጉንጩ ትንሽ ተነሣ፤
«እንግዲያው ሐኪሞች ናቸዋ!» አለና፣ ሳበ ሌላ ዓሣ።