ምልክት የለም

ከጠረጴዛው ሥር ነኝ። ከዚህ ሲታይ ስብሰባው ጫማ ነው፤
የኢልዲኮ ቦቲ፣ የግድቡ ጭቃ ገና ያልለቀቀው፣
የስቬቶዛር ቡናማ ቆዳ፣ ማሰሪያው ተፈቶ የተኛ፣
ሌላም አለ፣ ተረከዙ ወለሉን የሚመታ የሰዓት ዳኛ።

ከላይ ሦስት ስክሪን ግድግዳው ላይ ተደርድሮ፣
ሰማያዊ፣ ባዶ፣ አንዱ ከአንዱ ቃል ተበድሮ
«ምልክት የለም» ይላሉ።
እንዴት የለም ይላሉ?
ከመስኮቱ ማዶ ቲሳ ወንዝ ከአመሻሹ ጀምሮ
የአኻያውን ግንድ እስከ ብብቱ ውጦ፣
የታንኳ ቤቱን ደረጃ አንድ በአንድ ቆጥሮ፣ ስምንተኛው ላይ ተቀምጦ።

«ዦምቦር! ስንት ደቂቃ?»
«አምስት!» ለአንድ ገመድም አምስት፣ ለዐሥርም አምስት ነው መልሴ፤
ሃያ ዓመት ስለው ኖሬ አላመንኩትም እኔው ራሴ።

አራት ላፕቶፕ መጥቷል፣ አራት ዓይነት አፍ ይዞ፤
አንዱ ሰፊ፣ አንዱ ጠባብ፣ አንዱ ጥርሱ ተጣምሞ ደንዝዞ፤
አራተኛው አፍ የሚባል የለውም፤ «በአየር ነው የሚያያዝ» አለኝ ባለቤቱ፣
ዘንድሮ መገዛቱ እያስታወቀ በኩራቱ።
በአየር! አየሩ ዛሬ ለራሱም አልሆነ፤
ተራራ ላይ ያደረ በረዶ ሁሉ በአንድ ሌሊት ውሃ ሆነ።

ስለዚህ ከሳጥኔ አዳፕተር፣ ከአዳፕተሩ ማከፋፈያ፣
ከማከፋፈያው ሌላ አዳፕተር፣ የአማች የአማቱ መተዋወቂያ።
መብራቱ አረንጓዴ። ቢጫ። አረንጓዴ።
እነቅላለሁ፣ እፍ እላለሁ፣ መልሼ እሰካለሁ፤ ይኸው ነው ዘዴ።

ከዚያ ግድግዳው በራ።
በግራ የላይኛው ቢሮ፣ የኢልዲኮ ሥራ፤
በቀኝ የታችኛው ቢሮ፣ የስቬቶዛር ሰንጠረዥ፤
ድልድዩ ያው ድልድይ፣ ሰዓቱ ያው ሰዓት፣ ወንዙም ያው ወንዝ፤
ቁጥሩ ግን
በግራ ስምንት መቶ ዐሥራ አራት፣
በቀኝ ስምንት መቶ ሃያ ስምንት።

ጥፋቱ የእኔ መሰለኝ። ላቤ መጣ።
ገመድ ነው፣ አልኩ፤ ከገመድ ምን የማይመጣ?
የግራውን ወደ ቀኝ፣ የቀኙን ወደ ግራ አዞርኩ፤
ቁጥሮቹም ልዩነታቸውን እንዳዘሉ ተሻገሩ። አዳፕተር ቀየርኩ፤
ያው። ማከፋፈያውን አጥፍቼ እስከ ሠላሳ ቆጠርኩ፤
ያው።
ዐሥራ አራት ሳንቲ ሜትር። ስንዝር የማይሞላ።
«ገመዴ ደህና ነው» አልኩ፣ አንገቴን ብቅ አድርጌ ከኋላ።

ያ ተረከዝ እንኳ ዝም አለ።

ስድስት ዓመት በስልክ «ልክ ነው?» «ልክ ነው» ተባብለው፤
ድልድዩ ሲጠገን የመለኪያው ሰሌዳ ከቦታው መነሣቱን
አንዱ ቢሮ መዝግቦ፣
ሌላው ደብዳቤውን ሳይከፍት ከመሳቢያ ደርቦ፣
እያንዳንዱ በየጓዳው ልክ ነበር።
ጎን ለጎን ካልቆሙ ምን ያጣላቸው ነበር?

«የቱን እንመን?» አለ ባለ ተረከዙ። «በአንዱ ቁጥር
ሄደን እንተኛለን። በሌላው፣ ሊነጋ ሲል
የሸማኔዎች ጎዳና በውሃ ይጠለላል።»
ኢልዲኮ አልመለሰችም። ባትሪ አንሥታ ወጣች፤
ቦቲዋ ደረጃው ላይ ሲርቅ እስኪጠፋ ይሰማል።

ሦስተኛው ስክሪን፣ ሌሊቱን ሙሉ ባዶ የነበረው፣
ስልኳ የላከችውን ሁለት ጊዜ «ምልክት የለም» ብሎ መለሰው፤
በሦስተኛው ተቀበለ።
እርጥብ ብረት። የተላጠ ቀለም። ጥግ ላይ አውራ ጣቷ፣
ደብዝዞ፣ ትልቅ ሆኖ።
ውሃው የሚልሰው መስመር፦ ስምንት መቶ ሃያ ስምንት።

ስቬቶዛር ልክ ነበር። ሌሎቹ ያዩት ዝምታውን ነው፤
እኔ ከሥር የሆንኩት ግን
ጎንበስ ሲል ፊቱን አየሁት፤
የፈካ ነገር አልነበረበትም። ጫማውን አሰረ፣
ሁለት ጊዜ ቋጠረና ተነሥቶ በረረ።

ክፍሉ ባዶ ሆነ፤ ሦስቱ ስክሪን ለወንበር ያበራሉ።
በሥራ ወረቀቴ ላይ «የተገኘ ብልሽት» የሚል ክፍት ቦታ አለ።
«ገመድ፦ ደህና» ብዬ ጻፍኩበት።
ቀሪውን መስመር ትንሽ አየሁት፣
ተውኩትና
አካፋ ወደሚታደልበት ወረድኩ።