የመሐረቡ ጉዳይ

ከማዘጋጃ ቤት ቁልቁል፣ ከሰዓት ሠሪው ጎረቤት፣
አሥራ ሁለት ዓመት ሠራሁ፣ በጋሽ ጥላዬ ፍሬም ቤት።
ስንቱን ከመስታወት ኋላ አሰርሁት!
ሙሽራውን፣ ዲፕሎማውን፣ የሞተውን ወታደር፣
ሁሉን ባራት ማዕዘን፣ ሁሉን በሚስማር ዳር ለዳር።

አንድ ሐሙስ ወይዘሮ አልጣሽ
አንዲት ማርያም ይዘው መጡ፣ መስታወቷ የረገፈ፣
ጥጓን ነቀዝ የቀመሳት፣ ወርቅ ቅቧ የተገፈፈ።
«ባለቤቴ ነው የገዛት፣ ጣሊያኖቹ ዕቃ ሲሸጡ፣
ባራት ብርና ባንድ ጥንድ ጫማ።
እኔ ግን፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣
ፊቷን አይደለም የምሳለም፤ እጇን ነው።»
«እጇን?»
«እጇንና መሐረቡን።»

እውነትም በግራ እጇ፣ በሁለት ጣት መካከል፣
እንደ ዋዛ የተያዘ፣ ነጭ፣ ትንሽ መሐረብ።
አውቀዋለሁ! ከደብሩም፣ ከመቅደሱ ግድግዳ ላይ፣
በዚያው እጅ፣ በዚያው ጣት አለ፤
ለምን እንደያዘችው ግን የነገረኝ ሰው የለም።

ጋሽ ጥላዬ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቀለና
«ከሮም የመጣ ነው ይላሉ፤ በመርከብ፣ በግመል፣ በበቅሎ።
እኛ ዘንድ ዓይኗ ሰፋ፣ ጣቷ ረዘመ፣
ያገሩ ሠዓሊ ሁሉ ያገሩን ፊት ሰጣት፤
መሐረቡን ግን ማንም አልቀማት።»

ሚስማሩን በጉጠት ነቀልሁ።
ካርቶን፤ ከካርቶኑ ሥር የጣሊያንኛ ጋዜጣ፤
ከጋዜጣው ሥር፣ ሥዕሉ እንዳይላላ መደገፊያ፣
በከሰል የተሣለበት ወፍራም ወረቀት ወጣ።
ፊት የለው፣ አካል የለው፤
ሰባት ጊዜ ያው ግራ እጅ፣ ሰባት ጊዜ ያው ጨርቅ፣
አንዱ ጠበቅ፣ አንዱ ላላ፣ አንዱ ሊወድቅ።
ከጥጉ በቀጭን ብዕር ጽሑፍ፤ ግማሹን ብል በልቶታል።
ጋሽ ጥላዬ፣ ጋራዥ የለቀመውን ጣሊያንኛ አስታውሶ፣
«የእገሌ ልጅ ይላል። እገሌ ተበልቷል።»
«የልጁስ ስም?»
«አልተጻፈም። ልጅ፤ ሴት ልጅ።»
«ሴት መሆኗን በምን አወቅህ?»
«በነሱ ቋንቋ ልጅ ስትል ጾታው አብሮ ይወጣል።»

ሌሊቱን እንቅልፍ እምቢ አለኝ።
አባትየው ይሥላል፣ ስሙን ይፈርማል፣ ይከፈለዋል፤
እሷ ቀለም ትፈጫለች፣ ቡሩሽ ታጥባለች።
ሲመሽ ትሥል ዘንድ ተቀምጦ የሚታይላት ሰው የለ፤
ቀኝ እጇ ከሰል ይዟል፤
የተረፋት ሥራ ፈት እጅ ግራዋ ነው።
መሐረብም አይደለም የያዘችው፣
የቡሩሽ መጥረጊያ ነው!

ጠዋት ብነግረው ሳቀ፦
«አንተ ልጅ! ሥዕሉ የጥንት፣ ወረቀቱ መቶ ዓመት አይሞላ፤
ምኑን ከምን ታገናኛለህ?»
«ይሁን፤ ግን በዚያ ሁሉ ዘመን
ስንቱ ይሆን፣ ለማርያም እጅ ሲያጣ፣ የራሱን ያዋሳት?»
መልስ አልሰጠኝም።
እኔም መስታወት መወልወሌን ቀጠልሁ።
ቆይቶ ቀና ብሎ አየኝ፤
ጨርቁን በግራዬ፣ በሁለት ጣት፣
ይዤዋለሁ ለካ።

ወይዘሮ አልጣሽ «ካርቶን ነው፣ እዚያው መልሰው» አሉ።
መለስሁት። ግን ገልብጬ፣ ፊቱን ወደ ውጭ፤
ከኋላም መስታወት ገጠምሁ፣ ሂሳብ አልጨመርሁም።

በወሩ በቀይ ቀለም በራችን ላይ ተጻፈ፤
የሳቸውም በር፣ የኛም፣ የሰዓት ሠሪውም።
አይሱዙ መጣ፤ ሶፋ፣ በርሜል፣ የተጠቀለለ ፍራሽ።
እሳቸው ጋቢና ገቡ፣ እኔ ከጎናቸው ተጣበቅሁ።
ማርያምን ደረታቸው ላይ አቅፈዋታል፣ ፊቷን ወደ ልባቸው፤
ጀርባዋ ወደ መንገዱ።

ቸርችልን ቁልቁል ስንወርድ መብራት ያዘን።
አንዲት ልጅ ወደ መስኮቱ ተጠጋች፣
አፏን ከፍታ ሰባቱን እጅ አንድ በአንድ ቆጠረች፤
ከዚያ ሥራዋ ትዝ አላት መሰለኝ፦
«እማማ፣ ሶፍት ልስጥዎት?»