የሐረጎ ቃለ ጉባኤ

ቀኑ ሚያዝያ አሥራ ስድስት፣ ሰዓቱ ዘጠኝ ተኩል፤
ቃለ ጉባኤ ያዡ እኔ ነኝ፤
ጽሕፈቱ ያምራል ብለው ነው የመረጡኝ፣
ሐሳቤን ግን ማንም አልጠየቀኝ።

ፋኖሶቹ ከላይ መጡ፣ ከደሴ፣ ብርዱን በካፖርት ተከልለው፤
ጃንጥላዎቹ ከታች፣ ከኮምቦልቻ፣ የሸሚዛቸውን እጅጌ ጠቅልለው።
«እናንተ ውረዱ»፣ «እናንተ ውጡ» ሲባባሉ
ሦስት ሳምንት በደብዳቤ አለቀ፤
የወረደ ተሸነፈ፣ የወጣ ደጅ ጠና እንዳይባል
መንገዱ ኩርባ በኩርባ ተለካ፣
መሐሉ በጭንቅ ታወቀ፤
እኩሌታው ላይ የተገኘው የጦይባ ገብረሥላሴ ምግብ ቤት ነው፣
የከባድ መኪና ሾፌሮች ፍሬናቸው እስኪበርድ
ፓስታ የሚበሉበት።

አጀንዳ አንድ። ሒሳብ።
ከሸገር የመጣው ባለሙያ፣ አቶ ይርዳው፣
ላፕቶፑን ከፍቶ አምዶቹን አሰለፈ፦
ገዢው አርባ አንድ፣ ፋኖስ ሠላሳ ሦስት፣ ጃንጥላ ሃያ ስድስት።
«ሁለታችሁ ስትደ…» አለና፣ ቃሉ የሌላ ሰው መሆኑ ትዝ ብሎት
«ስትቀላቀሉ» አለ፣ «ሃምሳ ዘጠኝ።»
ያቺ ቁጥር ጠረጴዛው ላይ እንደ ትኩስ ዳቦ ተቀመጠች፤
ሁሉም አያት፣
ማንም አልቆረሳት።

አጀንዳ ሁለት። የምርጫ ምልክት።
«ፋኖሱ ከጃንጥላው በላይ ይሳል» አሉ የላዮቹ።
«ከላይማ ዝናብ ያጠፋዋል» አሉ የታቾቹ፣ «ይግባ ከሥር፣ ይጠለል!»
«ከሥር ከገባንማ ተጠግተን አደርን ማለት ነው፤
ገበሬው ፊደል ባይቆጥር ሥዕል ማንበብ ይችላል።»
«እሺ፣ ጎን ለጎን?»
«ማን በቀኝ?»
ጋሽ ሞላልኝ እያንቀላፉ ቆይተው
«ጃንጥላው ታጥፎ ቢቀመጥስ?» ቢሉ
የኮምቦልቻው ሊቀ መንበር ወንበሩን ገፍቶ ተነሣ።
እኔም ጻፍኩ፦ «ሰፊ ውይይት ተደረገ።»

ባለሙያው የመራጮቹን ስም እያወረደ ሳለ
ወደ ባለቤቲቱ አገጩን ሰበቀ፤
«ይቺን፣ ጦይባ ብዬ እዚህ፣ ገብረሥላሴ ብዬ እዚያ፣
በየትኛው አምድ ላስገባት?»
ወሎ ላይ ይህ ጥያቄ ሳል ያስይዛል። ሳልን።
እሷ ሳህን እያነሣች ጣሪያውን አየችና
«በዚያኛው በኩል ነው የሚያፈሰው» አለች፣
«ወንበራችሁን ሳቡ።»

ወዲያው ዘነበ። የሐረጎ ዝናብ፣ ደመናው በመስኮት የሚገባ።
አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ መብራት ሄደ።
ያኔ ነው ልብ ያልኩት፤
ከአሥራ አራት ሰው መሐል
ፋኖስ የያዘ የለም፤
ጃንጥላም የያዘ የለም።
(ይህን አልጻፍኩም። ማን ይፈርምበታል?)
ጦይባ ባልዲ አምጥታ ከቀዳዳው ሥር አኖረች፣
ስልኳን አብርታ ከስኳር ጣሳው ጋር አስደግፋ አቆመች።

ታናሼ ይመር በጃንጥላ በኩል ተቀምጧል።
የአንድ እናት ልጆች ነን፤ የእሷ መድኃኒት ባለቀ ቁጥር
ተራ ይዘን የምንገዛ።
ዛሬ «የተከበሩ ጸሐፊ» አለኝ።
ቀና ብል ፊቱን ጨለማው ውስጥ አጣሁት፤
ሳቁን ይሁን ሳሉን
የሆነ ነገር ግን ሰማሁ።

አጀንዳ ሦስት። ልዩ ልዩ።
ቦርዱ ለጥምረት የሰጠው ቀን ነገ ያልቃል።
በሙሉ ድምፅ የጸደቀው አንድ ነገር ብቻ፦
የበላነው ሒሳብ ለየብቻ ይከፈል።
«ሻዩ የተቀዳው ከአንድ ማንቆርቆሪያ» አለች ጦይባ፣
«እንዴት አድርጌ ልለየው?»
ሁለት ደረሰኝ ቆረጠች፤ አልገጥም ያላትን ሃያ ብር
ራሷ ቻለችው።

ፋኖሶቹ በጭጋጉ ወደ ላይ፣ ጃንጥላዎቹ በጎርፉ ወደ ታች።
የመኪኖቹ ቀይ መብራት ሁለት ኩርባ ላይ ታየኝ፣
ከዚያ የለም።

በሰኔ ውጤቱ በየጣቢያው በር ተለጠፈ፦
አርባ። ሠላሳ አራት። ሃያ ስድስት።
ባለሙያው የሳተው በአንድ ነው።
በአርባ ያሸነፉት ፒያሳ ላይ መኪና አሰልፈው ጡሩምባ ነፉ፤
እኛ ተካሰስን፤ ይመር እናታችን ቤት መጥቶ
መድኃኒቱን አስቀምጦ ሄደ፣ ተራው የእኔ ነበር።

ቃለ ጉባኤው እስካሁን እኔ ዘንድ ነው፣ ፊርማ የለበትም።
ሁለተኛው ገጽ ላይ የጦይባ ጣሪያ ጠብ ብሎበት
ቀለሙ ተዘርግቷል፤
«ሰፊ ውይይት» ካልኩት ውስጥ
«ሰፊ» የምትለዋ ቃል
እውነትም ሰፍታለች።