የጀርባው መስኮት

በመጀመሪያ ደሞዜ፣ በአንዱ ቅዳሜ፣
አባቴን ምሳ ጋበዝኩት፣ ከሳምንት አስቀድሜ።
«ቤት ያለውስ?» አለ። «ቤት ያለው ይቆየን።»
«ሽሮ እኮ አለ፣ የትላንት…» «አውቃለሁ። ይቆየን።»
ኮቱን አወጣ፤ ያቺን የሠርግ ኮት፣
ናፍታሊን የምትሸት፣ አንድ ቁልፍ የጎደላት።

አቃቂ ላይ ምግብ ቤት ለመምረጥ
አፍንጫ ነው የሚቀድም፤ ዓይን ኋላ ነው የሚሮጥ።
ነፋሱ ከወንዙ ከመጣ፣ ከአስፋልቱ ማዶ፤
ከአስፋልቱ ከመጣ፣ ወደ ድልድዩ ወርዶ፤
እዚህ ሰው እንዲህ ነው የሚበላ፣ ነፋስ ተከትሎ ሄዶ።
የከባድ መኪና ሾፌሮች የሚሻሙበት ጥብስ ቤት አለ፣
ቴሌቪዥኑ ከደንበኛው በላይ የሚጮህ።
አሳ ቤትም አለ፤ አሳው ግን የዝዋይ ነው፤
ከዚህ ወንዝ አሳ የሚጠብቅ፣ ከዝንብ ማር የሚጠብቅ ነው።

እኔ የመረጥኩት የእልፍነሽን ቤት፣
ነጭ የጠረጴዛ ልብስ ያለበት፣
ሹካው በሶፍት የተጠቀለለበት።
አባቴ ደጁ ላይ ጫማውን ጠረገ፣
ደግሞ ጠረገ፣
ጭራሽ ሊያወልቀው ፈለገ።
«በዚህ በኩል ነው እንዴ በሩ?» አለ።
ሰማሁት፤ አላሰብኩበትም፤ ጥያቄው እዚያው ደጅ ዋለ።

እጅ መታጠቢያው ላይ ቆየ። ሰው ከኋላው ተሰለፈ።
ሳሙናውን በጥፍሩ ሥር፣ በጣቶቹ መሃል አሳለፈ፣
ወደ መብራቱ አንስቶ እጁን አገላብጦ አየው።
«ንጹሕ ነው» አልኩት። አላመነኝም፤ እንደገና አጠበው።

«መነጽሬን ረሳሁ» አለኝ፣ ሜኑውን ገልብጦ ይዞት።
መነጽር ኖሮት አያውቅም። እኔም አብሬ ረሳሁለት።
ምግቡን አነበብኩለት፤ ዋጋውን ዋጥኩት።

ሌንሳ፣ አስተናጋጇ፣ እስክሪብቶ ፀጉሯ ላይ ሰክታ፣
«ክትፎ አለን፣ ላዛኛ አለን፣ ፓስታ…»
«ዳቦ በወጥስ?» አላት አባቴ።
ሳቀች። «እሱ ድሮ ነበር አሉ፣ አባቴ።»

ምግብ ቤቶቹ ሁሉ ለወንዙ ጀርባ ሰጥተዋል፤
ይህ ብቻ አንዲት ጠባብ መስኮት ቀርታዋለች፣
እሷ ሥር ነበር የተቀመጥነው።
ቁልቁል አየ። ወንዙ ላስቲክ አዝሎ ያዘግማል።
«ዛሬ ቀለም የለውም» አለ።
«ፋብሪካው ሳይዘጋ፣ ሰኞ ቀይ፣ ማክሰኞ ሰማያዊ፣
ሐሙስ የአንሶላ አረንጓዴ። ቀን የምንቆጥረው በሱ ነበር።
ዓርብ ማሽን ይታጠባል፤ ያኔ አተላ ነው።»

ከዚያ፣ ክትፎውን ሳይነካ፦
«ይህን ቤት አውቀዋለሁ። በጀርባው ነው እንጂ።
ማቅለሚያ ክፍል የዋለ ሰው እስከ ክርኑ ሰማያዊ ነው፤
በአሸዋ ብታሺው አይለቅም።
ነጭ ጨርቅ ያኔም ነበራቸው።
‹ታበላሹብኛላችሁ› አለች የዚህች የእልፍነሽ እናት።
ክፉ ሴት አልነበረችም፤
ጨርቅ በሳሙና ይታጠባል፣ ሳሙና በገንዘብ ነው።
ከፈረቃ ስንወጣ በዚህች መስኮት ታቀብለን ነበር፣
ዳቦ በወጥ፣ በጣሳ፤ ቆመን፣ ወንዙን እያየን።
አሥራ ዘጠኝ ዓመት።»
አሥራ ዘጠኝ ዓመት አለ፣ ጨው አቀብዪኝ እንደ ማለት።

እጁን ፈለግሁ። ጠረጴዛው ሥር ነበር።

በላን። እሱ አገጩን ሳህኑ ላይ ደፍቶ፣ ጠብታ ሳይጥል።
ያንጠባጠብኩት እኔ ነኝ፤ ቅቤው ጨርቁ ላይ ሰፋ።
አባቴ ግራ ቀኝ አየና የጨው ዕቃውን ሳበ፣
እድፌን ሸፈነልኝ፣
እንደ ሌባ ፈጥኖ።

ሂሳቡን ስከፍል ተነሥቶ በመስኮቷ ክንዱን አወጣ፣
መዳፉን ወደ ውጭ ዘርግቶ።
«ያኔ ከፍ ትል ነበር» አለ።
ታች የነበርከው አንተ ነህ፣ ልለው ነበር።
ሌንሳ መልስ ይዛ መጣች።
«የኔ ልጅ» አላት፣ «ማጠፊያው ቅባት ይፈልጋል፤
ያኔም ይንቋቋ ነበር።»