ቀዝቃዛ ኮፈን

ሁለት ክረምት ሙሉ ሳህን ያጠብኩበት፣
ሺህ አራት መቶ ዩሮ፣ ያ ሁሉ ያለበት፣
ፖስታዬን ደብቄ ከካፖርቴ ደረት፣
ታውኖ ግቢ ደረስኩ፣ ከኦውሉ በስተዳር፤
ብርዱ ሃያ ሁለት፣ ከዜሮ በታች ነበር።

«አሮጊት ናት» አለኝ፣ «ቀስ ብላ የነዳቻት፣
ለእሑድ ጸሎት ብቻ ከቤት ያወጣቻት።»
ጓንቴን አውልቄ ኮፈኗን ነካሁት።
ትኩስ ነው።
እኔ ሳልደርስ ማነው ሞተሯን ያስነሣት?
ታውኖ ጉሮሮውን ጠረገ፤ ስለ ሆኪ አወራኝ።
ከፓራውልቱ ሥር ስቱኮ፣ ከስቱኮው ሥር ዝገት፤
ሳሩ ቀለሟ ነው፣ ገደሉ ከሥሯ።

በማግስቱ ወይዘሮ ሄልቪ ጋ፣ አመድማ ኮሮላ፣
በረዶ የያዛት ከኮፈን እስከ ካንዴላ።
አንዴ ሳለች፤ ዝም። ደግማ ሳለች፤ ዝም አለች።
በሦስተኛው፣ እየተነጫነጨች፣ ተነሣች።

ደብተር ሰጡኝ፦ ዘይት፣ ፍሬን፣ ጎማ፤
ሃያ ዓመት በባላቸው እጅ፣ መስመሩ ሳይጎብጥ፤
መጨረሻው ብቻ በሳቸው፣ ፊደሉ ሲንቀጠቀጥ፦
«ዘይት ተቀይሯል። አርቱሪ የለም።»

ዋጋ ልከራከር ነበር የመጣሁት፤
ሺህ ሦስት መቶውን አጎንብሼ ቆጠርኩት።
ከሥሩ የዛሬን ቀን ልጽፍ ስል
እስክሪብቶው ቀዝቅዞ እምቢ አለ፤
በትንፋሼ አሞቅኩት።