የጎመኑ ጠርዝ

ቅዳሜ ማለዳ፣ ሉብሊያና ከተማ፣
ድልድዩን ጉም ውጦት ደወል ብቻ ሲሰማ፣
ዘንቢል አንጠልጥዬ ወረድኩኝ ገበያ፣
ኪሴ ውስጥ ጠመኔ፣ ስባሪ ማስመሪያ።

ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አንድ ጥያቄ ነክሶኝ፣
እንደ ጥርስ ሕመም ከእንቅልፌ ቀስቅሶኝ፣
ሰሌዳ ሳጠፋ፣ ስጽፍና ስሰርዝ፣
ቁልፌን በሩ ላይ ረስቼው ስፈዝ።

ነገሩ አጭር ነው ለሰሚ ሲያወጉት፦
ከመሐል ወደ ዳር እየሄዱ ሲለኩት፣
ጠርዙ እየበዛ፣ እየሰፋ የሚሄድ፣
ከሚገባው በላይ ጨርቅ የተረፈው አንድ
ገጽ አለ እንበል፣ ቀሚስ ነው፣ ወገብ ግን የለው፤
ይህን ሁሉ ትርፍ የት ነው የሚያኖረው?
ሳይቀደድ፣ ሳይቆረጥ፣ ራሱን ሳይረግጥ፣
እንዴት ይገባል በዚህች ጠባብ ጠፈር ውስጥ?

በዚያ ገጽ ላይ የተሣለ ሦስት ማዕዘን
ጎኖቹ እንደ ከሲታ ጉንጭ ወደ ውስጥ የተመጠጡ ናቸው፤
ማዕዘኖቹ ቢደመሩ መቶ ሰማንያ አይሞሉም።
አንድ ተማሪ ከኋላ ወንበር እጁን አውጥቶ
«የጎደለውስ የት ሄደ?» ብሎ ጠየቀኝ አንድ ቀን።
ክፍሉ ሳቀበት። እኔ አልሳቅሁም።
ያንን ጥያቄ ይዤ ነው ያረጀሁት።

ቲልካ፣ ጎመን ሻጯ፣ እጇ በብርድ ቀልቶ፣
የጓንቷ ጣት ሁሉ በመቀስ ተከፍቶ፣
አንድ እስር አነሣች፣ ውሃውን አራገፈች፤
«ውርጭ መትቶታል፣ ይጣፍጣል ዘንድሮ» አለች።

እኔ ግን ቅጠሉን አየሁት።

መሐሉ ዝርግ ነው፣ እንደ መዳፍ የረጋ፤
ቦታ እያጠረው ወደ ጠርዝ ሲጠጋ
ይታጠፋል፤ ማዕበል ይሆናል፤
ያም እጥፍ ሲጠበው ደግሞ ይታጠፋል፤
ትልቁ ትንሹን አዝሎ፣ ትንሹም የራሱን ትንሽ፣
ዓይኔ እስኪደክም፣ ጠብታ ውሃ እስከምትንጠለጠልበት እስከ መጨረሻው ክር።

ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የፈለግሁት አንድ እጥፍ፣
አንድ ብልህ ማጠፊያ፣ አንድ ንጹሕ ዘርፍ።
«እጥፉም ይታጠፍ» ማለት አልመጣልኝም።
ማስመሪያ የሌለው ጎመን ግን አልተቸገረም።

ሳቅሁ። ጮክ ብዬ ሳቅሁ፣ በሰው መሐል።
ደስታውን በምን ልመስለው?
ዘጠኝ ዓመት በትከሻዬ ስገፋው የኖርኩት በር
ለካስ የሚሳብ ነበር።

«አመመሽ ወይ?» አለች ቲልካ፣ ሚዛኑን ትታ።
«ጎመን በጤና» አልኳት፣ በገዛ ቋንቋዬ፣ በደስታ።
አልገባትም። መልሱን ቆጥራ ሰጠችኝ።
ሙሉ እንስራ እንዳዘለ ሰው
ቀስ፣ ቀስ እያልኩ ወጣሁ፤
ማንም እንዳይገፋኝ፣ ማንም ሰላም እንዳይለኝ፣
ሐሳቤ እንዳይፈስ ወረቀት ሳልደርስ።

ጠፈር ባዶ ሣጥን ይመስለኝ ነበር፣
ዕቃ የምናስቀምጥበት፣ እኛም የምንቀመጥበት።
አሁን እንጃ። አንዳንዴ የሚያድግ ነገር ይመስለኛል፣
ቦታ ሲያጣ በራሱ ላይ የሚታጠፍ፣
እኛም ከእጥፉ በአንዱ ሆነን
ዓለም ሜዳ ናት የምንል።

ማክሰኞ ስታኔ ከጎረቤት ቢሮ መጣ፣
መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፦
«አራተኛው ገጽ ላይ ቀዳዳ አለ።»
አለ። እውነቱን ነው።
እሱን ለመጣፍ አንድ ወር ፈጀብኝ፤ መጣፊያው ዛሬም ይታያል፣
ጎበጥ ያለ ነው፣ አላምርም ብሏል።
ደስታው ግን የቅዳሜው ነው፤ ማንም አልቀነሰብኝም።

ቅጠሉስ?
መጽሐፍ ውስጥ ላደርቀው አስቤ ነበር፣ ለመታሰቢያ።
ማታ ግን ራበኝ።
ከነጠርዙ ቀቀልኩት፣ በነጭ ሽንኩርት።
ቲልካ አልዋሸችም፤
ውርጭ መትቶታል።